ካርዱ ሰማንያ ይላል፣ ፈተናውስ?

ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ መንገዱ በደንብ ልብስ ይሞላል። ደብተር የያዘ ልጅ እምብዛም አይታይም። በእጅ ያለው አንድ የታጠፈ ወረቀት ነው። ዝናቡ እንዳያርሰው ሹራብ ሥር ይሸጎጣል፤ ጥግ ተይዞ እንደገና ይከፈታል፤ ከጓደኛ ወረቀት ጋር ይተያያል። ካርድ ነው። የሁለቱ ሴሚስተር ውጤት፣ አማካዩ፣ ከክፍል ልጆች መካከል የተገኘው ደረጃ፣ ከሥር የክፍል ኃላፊው ፊርማና የትምህርት ቤቱ ማኅተም ሰፍሮበታል። ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ከሁሉም የምትበልጠው ግን ግርጌ ላይ ያለችው አጭር መስመር ናት፦ «ወደ 12ኛ ክፍል ተዛውሯል»።

ቤት ሲደረስ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አባት አማካዩን ያያል፣ እናት ደረጃውን ትጠይቃለች፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ይመርቃል። 80 ከሆነ ደስታ ነው። 62 ከሆነም «ዋናው ማለፉ ነው» ይባላል። የሒሳቡ ነጥብ ለብቻው ስንት እንደሆነ፣ ያ ነጥብ በፈተና ይምጣ ወይስ በአሳይመንት የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ይህ ዘገባ የሚያተኩረው በዚያ ባልተጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው። ከ11ኛ ወደ 12ኛ ክፍል መሻገር በትምህርት ቤቶቻችን እንደ ተራ ዝውውር ይታያል። ለልጁ ግን ስለ ራሱ እውነቱን በጊዜ ለመስማት የቀረው የመጨረሻ አጋጣሚ ነው፤ አጋጣሚው ደግሞ በየዓመቱ በማኅተም ብቻ ያልፋል።

## በአንድ ግቢ የሚገናኙ ሁለት ወረፋዎች

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በነሐሴና በመስከረም መካከል ሁለት ዓይነት ወጣቶች መዝገብ ቤት ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ። አንደኛው ለ12ኛ ክፍል ሊመዘገብ የመጣ ነው። ሌላው ደግሞ 12ኛን ጨርሶ የብሔራዊ ፈተናውን ውጤት የሚጠባበቅ፣ ወይም ውጤቱን አይቶ ትራንስክሪፕት ሊያወጣ የመጣ ነው። ይህን መገጣጠም አስቦ ያመጣው ሰው የለም፤ የቀን አቆጣጠሩ ያመጣው ነው። የ2016ቱ ውጤት የተገለጸው ጳጉሜን 4፣ አዲሱ ዓመት ሊባት ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። የ2017ቱ በመስከረም 2018 የመጀመሪያ ቀናት ወጣ። የ2015ቱ እስከ መስከረም መጨረሻ ቆየ። የ2014ቱ ፈተና ራሱ ወደ 2015 መግቢያ ተሻግሮ ስለነበር ውጤቱ የታወቀው ጥር ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ተተኪዎቹ የ12ኛ ክፍልን አንደኛ ሴሚስተር ወደ ማገባደዱ ተቃርበው ነበር።

ታናሹ ፎርም እየሞላ ታላቁ ስልኩን ይመለከታል። ውጤት ዛሬ በድረ ገጽ፣ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ይታያል፤ በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ስም ፍለጋ መጋፋት ቀርቷል። የቀረው ግን ግፊያው ነው እንጂ ድንጋጤው አይደለም። በክፍሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሲወጣ የኖረ ልጅ ግማሽ ሳይሞላለት ይቀራል። ታናሹ ይህን ያያል፣ ይፈራል፣ ከዚያም የራሱን ካርድ አይቶ ይጽናናል።

አንባቢ የሰማቸውን ቁጥሮች አንድ ጊዜ ልድገማቸው። የመፈተኛው ቦታ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በተዛወረበት በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 ሆነ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ። አዲስ አበባ ከአገሪቱ አማካይ የተሻለ ውጤት ስታስመዘግብ ቆይታለች፤ እድገቱም እውነተኛ ነው፣ ሊመሰገን ይገባዋል። ቢሆንም በተሻለው ዓመት እንኳ በአገር ደረጃ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላዩ ግማሹን ሳይመልስ ወጥቷል።

> እነዚህ ሁሉ ልጆች ከአንድ ዓመት በፊት ካርዳቸው ላይ «ተዛውሯል» ተብሎ ተጽፎላቸው ነበር።

## የውጭ ዓይን ያላየው አራት ዓመት

በካርዱና በፈተናው መካከል ያለው ርቀት ከየት መጣ? መልሱ በከፊል በፈተናዎቹ ታሪክ ውስጥ አለ።

የዛሬ ወላጆች ማትሪክ ብለው የሚያስታውሱት ፈተና በ12ኛ ክፍል ማብቂያ ይሰጥ የነበረ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የክፍሎቹን አደረጃጀት ሲቀይር ብሔራዊው ፈተና ወደ 10ኛ ክፍል ወረደ፤ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ሆኑ። በዚያ ሥርዓት 10ኛ ክፍል ላይ ነጥብ ያልሞላለት ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል፣ የሞላለት መሰናዶ ይገባል። ጨካኝ ወንፊት ነው ተብሎ ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም አግባብ ነበረው። በ16 ዓመቱ መንገዱ የተዘጋበት ልጅ ብዙ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ያደርግ ነበር፦ 11ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ከገዛ መምህሩ ውጭ በሆነ ሰው ተፈትኖ ያለበትን ያውቃል።

ከ2012 ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ። ስለዚህ ዛሬ አንድ የኮልፌ ልጅ 8ኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ የሚባለውን ፈተና ከተፈተነ በኋላ፣ የገዛ ትምህርት ቤቱ ያላወጣውንና ለውጤት የሚቆጠርበትን ፈተና እንደገና የሚያየው 12ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። መሃል ላይ አራት ዓመት አለ። በዚያ አራት ዓመት የሚመዝነው መምህሩ፣ የሚያዛውረው ትምህርት ቤቱ፣ የሚያምነው ወላጁ ነው። የብሔራዊ ፈተናው ጥያቄዎች ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ይዳስሳሉ። 9ኛ ክፍል ላይ ሳይገባው ያለፈው የአልጀብራ ምዕራፍ ከአራት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይጠብቀዋል።

የካርዱ ነጥብ እንዴት እንደሚጠራቀም የሚያውቁት ተማሪዎቹ ናቸው። ቴስት አለ፣ አሳይመንት አለ፣ ግሩፕ ወርክ አለ፣ የደብተር አያያዝና የክፍል ተሳትፎ አለ፣ ከዚያ የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ይመጣል። ተከታታይ ምዘና የተባለው ይህ አሠራር ሐሳቡ መልካም ነው፤ ልጁን በአንድ ቀን ፈተና ብቻ ላለመፍረድ የመጣ ነው። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ግን አሳይመንቱ ከአንዱ ጎበዝ ደብተር ይገለበጣል። ግሩፕ ወርኩን ሁለት ልጆች ሠርተው ስምንት ስም ይጻፍበታል። ማጠቃለያ ፈተናው ሲመጣ ብዙው ነጥብ አስቀድሞ ኪስ ገብቷል፤ ለማለፍ የሚጎድለው ጥቂት ነው።

ይህን የመምህሩ ስንፍና ብቻ አድርጎ ማየት ግፍ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ይህን ጉዳይ ሲያነሱ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ለግማሹ ክፍል ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠ መምህር ማብራሪያ ይጠየቃል፣ ለሁሉም ማለፊያ የሰጠ ግን የሚጠይቀው የለም። ወላጅም ይመጣል፤ ልጄ ለምን ዝቅ አለ ብሎ እንጂ ለምን ከፍ አለ ብሎ የሚመጣ አይኖርም። ደመወዙ ከኮልፌ የቤት ኪራይ ጋር የሚታገል መምህር ይህን ትግል በየሴሚስተሩ እንዲገጥም መጠበቅ ከባድ ነው።

ቋንቋውም አለ። በሁለተኛ ደረጃ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ማብራሪያው ግን፣ ልጆቹ እንዲገባቸው ሲባል፣ በአማርኛ ይሆናል። መምህሩ ልክ ነው፤ ካልገባቸው ምን ይረባል? ይሁንና ልጁ በአማርኛ የገባውን የፊዚክስ ሐሳብ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ባለ አምስት መስመር ጥያቄ ውስጥ አያገኘውም። የትምህርት ቤቱ ፈተና ጥያቄዎች አጫጭርና ከደብተሩ የተወሰዱ ስለሆኑ ይህ ችግር ካርዱ ላይ አይታይም።

> አጠና ተራ ላይ እንጨት የሚገዛ ሰው እንኳ ግንዱን ሳይለካ ዋጋ አይነጋገርም። ልጃችንን ግን ሌላው በለካበት ብቻ እንቀበላለን።

## ፈተናው ከትምህርት ቤት ሲወጣ

ግንቦት 2008 የሚረሳ አይደለም። የፈተና ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ብሔራዊው ፈተና ተሰረዘ፤ ተማሪው እንደገና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም ኩረጃው በስልክ፣ በቡድን፣ አንዳንዴም በአዋቂዎች እርዳታ ቀጠለ። በ2014 ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆቹ በማያውቁት ግቢ፣ በማያውቋቸው ፈታኞች ፊት፣ ስልክ ሳይዙ ተቀመጡ። ጥር 2015 ላይ የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ውጤቱን ሲገልጹ አገር ደነገጠ።

ያኔ ከባለሙያ እስከ ታክሲ ተሳፋሪ ሁሉም የተከራከረው ፈተናው ከብዶ ነው ወይስ ልጁ ሰንፎ ነው በሚል ነበር። ለእኔ ሁለቱም አይደለም። ኬንያ ተመሳሳይ ነገር አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የትምህርት ሚኒስትሩ ፍሬድ ማቲያንጊ የፈተና ቁጥጥሩን ሲያጠብቁ፣ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ሙሉ ኤ ያመጡት ተማሪዎች ከዓመት በፊት ከነበሩት ከ2 ሺህ 600 በላይ ወደ 141 ወረዱ። የኬንያ ልጆች በአንድ ዓመት አልደነቆሩም። የእኛዎቹም እንዲሁ። የተቀየረው ማየታችን ነው። በእኛ አገር ግን እውነቱ እንዲታይ የተደረገው የመጨረሻው በር ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ክፍሎች በድሮው አያያዝ ቀጥለዋል። በ2015 አንድም ተማሪ ማሳለፍ ያልቻሉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ 300 በላይ ነበሩ፤ በእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶችም ካርድ ሲታደል፣ ደረጃ ሲነገር፣ አንደኛ የወጣ ሲጨበጨብለት ነው የኖረው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ብሔራዊው ፈተና ምርጫ ነው፤ አራት አማራጭ አለው። ጥያቄውን ሳያነብ ዝም ብሎ የሚያጠቁር ልጅ በአማካይ ከመቶ 25 ያህል ያገኛል። ስለዚህ 30 እና 32 ያመጣ ልጅ «ትንሽ ቀረው» የሚባል አይደለም። ካርዱ ላይ 75 የነበረ ልጅ እዚህ ሲገኝ፣ አራት ዓመት ሙሉ የሆነ ነገር ሳይነገረው ቀርቷል ማለት ነው።

## መስኮቱ ፊት የሚጠየቀው

የ12ኛ ክፍል ምዝገባ ከሌሎቹ ክፍሎች ምዝገባ ይለያል፤ መዝገብ ቤት የሚሠሩ ሰዎች በጣም የሚጠነቀቁበት ነው። ካርዱ ይታያል፣ የ8ኛ ክፍል ውጤት ይታያል፣ ፎቶ ይጠየቃል፣ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ መሆኑ ይረጋገጣል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የፋይዳ መታወቂያ ተጨምሯል። ዋናው ጭንቀት ስም ነው። እዚህ የሚጻፈው ስም ለብሔራዊ ፈተናው የሚላከው ስም ነው፤ ከዚያ ሰርተፊኬቱ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ዕድሜ ልክ ይከተላል።

ኮልፌ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ሙሐመድ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት አድርጎ መጻፍ እንደሚቻል ከዚህ ሰፈር መዝገብ ቤት ሠራተኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጁ የልደት ሰርተፊኬቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሚኒስትሪው ላይ ሌላ ዓይነት፣ ፋይዳው ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይመጣል። ኃይሌ፣ ፀጋዬ፣ ወይንሸት የሚባሉትም ከዚህ አይድኑም። ወረዳ ሄዶ ማስተካከል፣ ደብዳቤ ማጻፍ፣ ተመልሶ መሰለፍ ይኖራል። ጉሊት የምትውል እናት ለዚህ ጉዳይ የገበያ ቀን ታቃጥላለች።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተገቢ ነው። ግን ፎርሙ ላይ የሌለውን ተመልከቱ። የትኛው ትምህርት ይከብድሃል የሚል መስመር የለም። 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ ያልተማርሽው ምዕራፍ የቱ ነው የሚል የለም። ቤት ውስጥ የምታጠናበት ሰዓት አለህ ወይ የሚል የለም። ለአንድ ፊደል ወር ሙሉ የምንመላለስ ሰዎች ለአንድ ምዕራፍ አምስት ደቂቃ አንቆምም።

በግል ትምህርት ቤቶች በኩል ያለው መልክ ሌላ ነው። እዚያ የዳግም ምዝገባው ንግግር የሚጀምረው በክፍያ ነው፤ ወላጅና ትምህርት ቤት ስለ ጭማሪው በየዓመቱ ይነታረካሉ። ከክፍያው ጀርባ ግን ወላጆች በዝግታ የሚያወሩት ሌላ ቅሬታ አለ። 11ኛ ክፍል ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣን ልጅ «ለእሱም ይሻለዋል» ብለው መሸኛ ሰጥተው የሚያሰናብቱ አሉ ይላሉ፤ የትምህርት ቤቱ የማሳለፍ ስም እንዳይበላሽ። ይህን የሚሠራ ማንም ይሁን ማን፣ በእኔ ዕይታ ነውር ነው። አሥር ዓመት ክፍያ የተቀበሉበትን ልጅ በመጨረሻው ዓመት ደጃፍ ላይ ማሰናበት የራስን ሥራ መካድ ነው። ያ ልጅ መሸኛውን ይዞ የሚሄደው ቀድሞም ሞልቶ ወደ ተረፈው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።



## ክረምቱ የማን ነው?

በሐምሌና በነሐሴ የነገው 12ኛ ክፍል ተማሪ የት ይውላል? ብዙው የኮልፌ ልጅ መርካቶ ነው። ሰፈሩ ከገበያው ጋር አብሮ ያደገ ነው። አጎቱ ሱቅ ዕቃ ያወርዳል፣ ያስተናግዳል፣ ማታ ሱቅ ዘግቶ በዝናብ ይመለሳል። አንዳንዱ ታክሲ ላይ ረዳት ይሆናል። ይህ ሥራ ለመስከረም ጫማና ደብተር ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ አማራጭ የለውም። ሴቶቹ ቤት ይቀራሉ፤ ታናናሾቻቸው ከትምህርት ስለተለቀቁ ሥራው በእነሱ ላይ ይጨመራል። በሰው ቤት ተቀጥረው ማታ የሚማሩ ልጃገረዶችም አሉ። ለእነሱ ክረምት የሚባል ዕረፍት የለም፤ ማታ የነበረችው ሁለት ሰዓት ራሷ ትቀራለች።

የቻለ አስጠኚ ይቀጥራል። ሌላው በቡድን ተሰብስቦ ገንዘብ አዋጥቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይፈልጋል። በሌሊት ተነስተው በአውቶቡስ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለመድረስ የሚሽቀዳደሙ አሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ለብዙ የጠባብ ቤት ልጅ ጠረጴዛና መብራት ሆኗል። የሁሉም የጋራ ትምህርት ቤት ግን ቴሌግራም ነው። የመማሪያ መጽሐፎቹ፣ የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎች፣ የመልስ ማብራሪያዎች በስልክ ይመጣሉ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ ባልደረሰበት ጊዜ ክፍሎችን ያቆማቸው የስልክ ፒዲኤፍ ነበር። ችግሩ በስልኩ ላይ ከሚመጣው መካከል የትኛውን ማንበብ እንዳለበት ለልጁ የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የሚወደውን ያነባል። ባዮሎጂ የሚቀለው ባዮሎጂ ይደግማል፤ ሒሳብ የሚፈራው ሒሳብን ለመስከረም ያቆየዋል፤ መስከረም ደግሞ የራሱን ትምህርት ይዞ ይመጣል።

12ኛ ክፍል ከተጀመረ በኋላ ጊዜ ይሮጣል። መምህሩ የዓመቱን መጽሐፍ ለመጨረስ ይጣደፋል። ቱቶሪያሉ ቅዳሜ ይሆናል። ሞዴል ፈተናው የሚመጣው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ያኔ እውነቱ ቢታወቅም የአራት ዓመት ክፍተት የሚሞላበት ጊዜ አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለው ተስፋ ሪሚዲያል ነው። በ2015 የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ግማሽ ያልሞላላቸውን፣ የተቀመጠውን ነጥብ እስካሟሉ ድረስ፣ ለወራት አስተምሮ እንደገና ይፈትናል። ብዙ ልጅ አድኗል። ግን ምን እያደረገ እንዳለ አስቡት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያላስተማረውን ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምር እየተደረገ ነው፤ በዶርም፣ በምግብ፣ በመምህር ወጪ። ያ ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ወደ ነሐሴ ቢመጣ ኖሮ!

## ነሐሴ ላይ የሚሰጥ ፈተና

መምህራን እርስ በርስ ሲያወሩ የሚያነሱት አንድ ሐሳብ አለ፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ለ12ኛ ክፍል የሚመዘገብ ተማሪ ሁሉ በምዝገባው ሳምንት ከቀድሞ ብሔራዊ ፈተናዎች የተውጣጣ፣ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያለውን የሚሸፍን ፈተና ይፈተን። ለማሳለፍም ለመጣልም አይደለም፤ ካርዱን አይነካም፤ ማንም በእሱ ምክንያት መሸኛ አይሰጠውም። ውጤቱ በየትምህርቱና በየምዕራፉ ተለይቶ ለልጁና ለወላጁ በእጅ ይሰጥ። የአንደኛው ሴሚስተር ቱቶሪያልም በዚያ ውጤት ይደራጅ፤ ሁሉም አንድ ክፍል ታጭቆ ሳይሆን የአልጀብራው ከአልጀብራው፣ የእንግሊዝኛ ንባቡ ከንባቡ ጋር።

ተቃውሞው ይታወቃል። አንዳንድ ወላጆች ልጄን ከወዲሁ ተስፋ ታስቆርጡታላችሁ ይላሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ካርዱ ላይ 80 ያየ ልጅ 35 ሲያይ ማልቀሱ አይቀርም። ያ ልቅሶ ነሐሴ ላይ ሲሆን ግን ከፊቱ አሥር ወር አለ። አንዳንድ ርዕሳነ መምህራን ደግሞ ውጤቱ አደባባይ ወጥቶ ትምህርት ቤታቸው እንዳይወቀስበት ይሰጋሉ። ይህን መከላከል ቀላል ነው፤ ውጤቱ ከትምህርት ቤቱ፣ ከወላጁና ከልጁ እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል። ከሁሉም የሚከብደው የመምህራኑ ጥያቄ ነው፦ የክረምቱን ቀናትና የቅዳሜውን ሰዓት ማን ይከፍላል? በነፃ ይሥሩ ማለት አይቻልም፤ እስከ ዛሬም በነፃ ብዙ ሠርተዋል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት መዋጮ በሀብታሙ ሰፈር ይሠራ ይሆናል፤ ከአጠና ተራ ጀርባ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ሌላ ዕዳ ነው። ክፍያው ከከተማው ትምህርት ቢሮ መምጣት አለበት። ከተማው ለተማሪዎች ደንብ ልብስና ደብተር፣ ለታናናሾቹም ምግብ ለማቅረብ በጀት ማግኘት ችሏል፤ ይህን ለመሸፈን አያቅተውም።

የቀረው ዝግጅት ቀላል ነው። ክፍሎቹ በክረምት ባዶ ናቸው። የቀድሞ ፈተናዎቹ በእያንዳንዱ መምህር ስልክ ላይ አሉ። ምርጫ ስለሆኑ ማረም ከባድ አይደለም። ምዝገባው ነሐሴ ላይ የሚከፈት ከሆነ፣ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለየትምህርት ቤቱ የሚጽፈው ደብዳቤ ከሐምሌ አጋማሽ ማለፍ የለበትም።